ፋይል የምጨምቅበትን ሶፍትዌር እንዴት መረጥኩ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ቁጭ ብዬ የትናንሽ ነጋዴዎችን ሂሳብ እሠራለሁ። ወር ሲያልቅ የደረሰኝ ስካን፣ የኤክሴል ፋይልና የሂሳብ ሶፍትዌሩ ባክአፕ ተሰብስቦ ይላካል። የምልከው በሞባይል ዳታ ነው። ጂሜይል ደግሞ ከ25 ሜጋባይት በላይ አያያይዝም። ፋይል ማሳነስ ለእኔ የጥቅል ብር ጉዳይ ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስገዛ ሻጩ «ዊንራር በክራክ ልጫንልህ?» አለኝ። ክራክ ማለት የሚከፈልበትን ሶፍትዌር ሳይከፍሉ የሚያሠራ ነገር ነው። አልፈለግኩም። ዊንራር ነፃ አይደለም፤ የ40 ቀን መሞከሪያ ነው። ከዚያ በኋላም «ግዛ» የሚል መስኮት እያወጣ መሥራቱን ይቀጥላል። ያቺን መስኮት ለማጥፋት ብዬ ማን እንደሠራው የማላውቀውን ክራክ የሰው ሂሳብ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ልጫን? አይዋጥልኝም።

ስለዚህ ለሥራም ጭምር ነፃ የሆነ፣ ቀላልና በፓስወርድ የሚቆልፍ ፈለግሁ። የዊንዶውስ የራሱ ዚፕ ወዲያው ወደቀ፤ ፋይል ይጨምቃል እንጂ ፓስወርድ አያስገባም። የሰው ቲን ቁጥርና ሽያጭ ደግሞ ክፍቱን አይላክም። ፒዚፕ መልኩ ያምራል፣ ብዙ ነገር ይችላል፣ ነፃም ነው። ግን የሚችለውን አብዛኛውን እኔ አልፈልገውም። የቀረው ሰቨን-ዚፕ ነው። ኢጎር ፓቭሎቭ የሚባል ሩሲያዊ ከ1999 ጀምሮ የሚሠራው ነው። ማውረጃው ከ2 ሜጋባይት አይበልጥም፣ ለቢሮም ሥራ ነፃ ነው። መልኩ ያረጀ ነው፤ ይሁን፣ ላገባው አይደል።

ከዚያ አንድ የወር ፎልደር ይዤ ሞከርኩት። ባክአፑ ከግማሽ በታች ወረደ። የደረሰኝ ስካኖቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ስካኖቹ ጄፔግ የሚባሉ የፎቶ ፋይሎች ናቸው፤ ጄፔግ ደግሞ ሲቀመጥ ቀድሞ የተጨመቀ ነው፤ የተጨመቀ ሎሚ ደግመው ቢጨምቁት ምን ይወጣዋል? የኤክሴሉ ኤክስኤልኤስኤክስ ፋይልም ያው ነው፤ ውስጡ ራሱ ዚፕ ነው። ለስካኖቹ መፍትሔው ሌላ ቦታ ተገኘ። በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) በከለር ሳደርገው የነበረውን ወደ 200 ዲፒአይ ጥቁርና ነጭ አወረድኩት። ደረሰኙ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ከየትኛውም ሶፍትዌር በላይ ዳታ ያተረፈልኝ ይሄ ነው።

ሰቨን-ዚፕ ሰቨን ዜድ (7z) የሚባል የራሱ የፋይል ዓይነት አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዚፕ የበለጠ ያሳንሳል። ለአንድ ደንበኛዬ በእሱ ብልክላቸው ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ የላክኸው ነገር ስልኬ ላይ አልከፈት አለኝ እኮ!» «እሺ ጋሼ፣ አሁን በሌላ እልካለሁ» አልኩና በዚፕ ላክሁላቸው። ወዲያው ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ለራሴ የማስቀምጠውን በሰቨን ዜድ፣ ለሰው የምልከውን በዚፕ አደርገዋለሁ።

ፓስወርድ ላይ ግን ጠንቀቅ ነው። ዚፕ ስትቆልፍ ሰቨን-ዚፕ ሁለት ምርጫ ይሰጥሃል። ዚፕክሪፕቶ የሚለው ደካማ ነው፤ ኤኢኤስ-256ን ምረጥ። ተቀባዩም ሰቨን-ዚፕ ቢኖረው ይሻላል፤ ዊንዶውስ ብቻውን ላይከፍተው ይችላል። ደግሞም ዚፕ ቢቆለፍም የፋይሎቹ ስም ከውጭ ይታያል። «የጋሼ እገሌ ሽያጭ» ብለህ ሰይመኸው ከሆነ መቆለፍህ ግማሽ ነው። በሰቨን ዜድ ግን የፋይል ስምንም የሚደብቅ ምልክት ማድረጊያ አለ።

የላፕቶፔ ባትሪ አይይዝም፤ እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት መሃል ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ዋናውን ከማጥፋቴ በፊት ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጌ «ቴስት አርካይቭ» እላለሁ። ስህተት የለም ካለኝ በኋላ ነው የማጠፋው። «አልትራ» የሚለውን የመጨረሻውን የመጨመቂያ ደረጃም አልነካም፤ ትንሽ ለማሳነስ ብዙ ያስጠብቃል።

የማልወድለት አንድ ነገር አለ፤ ራሱን አያድስም። በ2024 የወጣው 24.09 የሚባለው ቅጂ፣ ከኢንተርኔት በወረደ ፋይል ላይ ዊንዶውስ የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ደፍኗል፤ የድሮውን የያዘ ሰው ግን የሚነግረው የለም። እኔ አልፎ አልፎ ገብቼ አያለሁ። የማወርደውም ሰረዝ ካለበት ከራሱ ገጽ፣ ከሰቨን-ዚፕ ዶት ኦርግ (7-zip.org) ብቻ ነው።