የጓሳ ሣር የሚታጨደው ሲፈቀድ ነው

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በር የደረሰ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ዋሻውን አልፎ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። እኛ ዋሻው ጋ ሳንደርስ ወደ መንዝ ታጠፍን። ከኮሮና በፊት ነው፣ በጋ ላይ። መንገዱ ጠጠር ስለነበር አቧራው መስኮት አያስከፍትም። መዘዞን ካለፍን በኋላ ግራ ቀኙ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብና በግ የሚጠብቁ ልጆች ብቻ ሆነ። ዛፍ ካየን ባሕር ዛፍ ነው።

ከዚያ ማሳው ባንዴ አለቀ። ወዲህ የታረሰ መሬት፣ ወዲያ እስከ ገደሉ ጫፍ የሚዘልቅ ጥቅጥቅ ያለ ሣር። አጥር የለም፤ ሽቦም የለም። መንዝ ውስጥ መሬት ጠቧል፤ ገበሬው ዳገቱን ሳይቀር ያርሳል። ታዲያ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሜዳ፣ ያውም ያለ አጥር፣ እንዴት ሳይታረስ ቆየ? ሜዳው ጓሳ ይባላል፤ እዚያ ድረስ የወሰደኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ያረፍነው ማኅበረሰቡ ራሱ በሚያስተዳድረው ማረፊያ ቤት ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ያልፋል። ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ከመንዝ በግ ፀጉር የሚሠራው ባና ለምን እንደዚያ እንደሚከብድ የሚገባው እዚያ ላደረ ሰው ነው።

ጠዋት አብረውን የወጡት ስካውት ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ጠባቂዎቹ ከዙሪያው ቀበሌዎች የተመረጡ የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው፤ ቦታውን በእግራቸው ይዞሩታል። ሣሩ ወገባችን ጋ ደርሷል።

“አባት፣ ይሄ ለማጨድ አልደረሰም?” አልኳቸው።

“ደርሷል ልጄ። ግን አልተከፈተም።”

ሳይከፈት አይታጨድም። ነገሩ የቆየ ነው። የመንዝ አባቶች አስቦና ጌራ ምድሩን ከያዙበት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንስቶ ጓሳ ቄሮ በሚባል የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ይተዳደር እንደነበር ይነገራል። ባለ ርስቶቹ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፤ አንዱ ለአስቦ ወገን፣ አንዱ ለጌራ ወገን። አለቃው ሣሩ እስኪጠና ቦታውን ይዘጋዋል። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት። በዚህ ጊዜ ማጨድ የለም፣ ከብት ማሰማራት የለም፣ እንጨት መልቀም የለም። ሣሩ ሲደርስ ቀኑ ይነገርና ሁሉም ማጭዱን ይዞ ባንድ ቀን ይወጣል። ክረምት ሲገባ መልሶ ይዘጋል። ሕጉን የጣሰ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስ ነበር።

ቅጣቱን አልወደድኩትም። የወደድኩት ቀኑን ነው። ሁሉም ባንድ ቀን ከወጣ ጉልበት ያለው ቀድሞ አይጠርገውም። ዛሬ ካላጨድኩ ጎረቤቴ ያጭደዋል ብሎ የሚሰጋም አይኖርም። ሰው ሳይደርስ የሚያጭደው ስግብግብ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። ሌላው እንደሚጠብቅ እርግጠኛ ስላልሆነም ነው። ቄሮ ይህን እርግጠኝነት ይሰጥ ነበር።

ሣሩም ቢጠበቅ የሚያስቆጭ አይደለም። ጣራ ይከደንበታል፤ ገመድና ጅራፍ ይሠራበታል፤ እረኛ በዝናብ የሚደርበው ገሳ ከእሱ ይወጣል። ድርቅ በመጣ ዓመት ደግሞ ከብቱን የሚያተርፈው እሱ ነው፤ ለክፉ ቀን እንደተቀመጠ ጎተራ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆኖ ሲታወጅ ርስቱ ቀረ። ከርስቱ ጋር አባ ቄራም ቀረ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ፍትሕ ነበር፣ ይህን መካድ አልፈልግም። መንዝም ውስጥ ቢሆን የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ሰው ከጓሳው ድርሻ አልነበረውም። ግን ባለቤቱ ሁሉም ሲሆን ጠባቂ ጠፋ። ያገኘ ሁሉ ገባ፤ ሣሩም ሳይደርስ ይታጨድ ጀመር። ያዳነው ከዙሪያው ቀበሌዎች የተውጣጣ የጓሳ ኮሚቴ ነው። የመዝጋትና የመክፈቱን ልማድ መልሶ አመጣው፤ የዘር ሐረግ መቁጠሩን ግን ተወው። ድሮ ድርሻ ያልነበረው ሰው ዛሬ ድርሻ አለው፤ ድርሻ ስላለውም ይጠብቃል። ከሰማሁት ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጭላዳዎቹን አገኘናቸው። ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር በጣታቸው እየነጩ ይበላሉ። ከዝንጀሮ ዘር ሁሉ ኑሮውን በሣር የሚገፋ ሌላ የለም፤ ከኢትዮጵያ ውጭም አይገኝም። መሀላቸው አንዲት ቀይ ቀበሮ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ግልገል የታቀፉት እንኳ አልተነሱም። እሷም ዞር ብላ አላየቻቸውም፤ ዓይኗ መሬቱ ላይ ነው፤ አይጥ ትፈልጋለች። ጓሳ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች ቀበሮዎቹ ከጭላዳ መንጋ መሀል ሆነው ሲያድኑ ከ100 ሙከራ 67ቱ እንደሚሳካላቸው፣ ለብቻቸው ሲሆኑ ግን 25ቱ ብቻ እንደሆነ ጽፈዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው። ይህን እያወቁ አንዷን በእግር ርቀት ማየት ያስደነግጣል።

“ውሻ ይዞ መግባት ክልክል ነው” አሉን አባት። እረኛ ያለ ውሻ ጅብ ባለበት አገር በግ ይጠብቅ ማለት ትንሽ ነገር አይደለም። ምክንያቱ ግን ከባድ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ ፈጅቷል። አንዲት የታመመች ውሻ ትበቃለች።

በነጋታው ከጓሳው ዳር ካለ መንደር ቡና ተጠራን። የቤቱ እመቤት ምድጃው ላይ ኩበት ጨመሩ። ኩበቱ ማሳው ላይ ቢቀር ገብሱን ያሰባው ነበር፤ እሳቸውም ያውቁታል። “ምን ላንድድ? አስታውን ቁረጪ ከተባልኩ ዘመን አለፈው” አሉኝ፤ አስታ ለማገዶ የሚሆን የደጋ ቁጥቋጦ ነው። የቤታቸው ጣራ ቆርቆሮ ነው። የጎረቤታቸው አሁንም ሣር ነው፤ አንድ በኩል ሳስቷል። ጓሮ ላይ የተከሏቸው ባሕር ዛፎች ገና ለጋ ናቸው፤ ከፍታው ላይ ቶሎ አያድጉም።

እዚህ ቤት ውስጥ ሆኜ ያሰብኩትን በግልጽ ልጻፍ። ተፈጥሮን ለመጠበቅ አኗኗር ይለወጥ ሲባል የለውጡን ትልቁን ሸክም የሚሸከመው ሌላ ማገዶ የሌለው ሰው ነው። ጓሳ የዘነበበትን ውሃ ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል። ከፊሉ በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል፤ ከፊሉ በገደሉ ወርዶ ወደ አዋሽ። የአዋሽን ውሃ የሚጠጣው፣ በመስኖ የሚያርሰው፣ ስኳር የሚያመርተው ሁሉ ከእኚህ እናት ትዕግሥት ተጠቃሚ ነው። ስለዚህ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ ችግኝ፣ መብራት ለእነሱ ሲደርስ ችሮታ ተብሎ ባይጠራ ደስ ይለኛል። ዕዳ ነው። ጎብኚ የሚከፍለው ገንዘብ ለማኅበረሰቡ ይገባል፤ ጥሩ ነው፤ ግን ጎብኚ የሚመጣው ሰላም ሲሆን ብቻ ነው። ማገዶ ግን በየቀኑ ይነድዳል።

በወጣንበት ቀን መንደሩ ውስጥ ክርክር ነበር። ዘንድሮ ይከፈት ወይስ አንድ ዓመት ይቆይ? ጣራው የሚያፈስበት ይከፈት ይላል። ቆርቆሮ ያለው መጠበቅ አይከብደውም። ስካውቱ አባት ሁለቱንም አዳመጡና፣ ሣሩ ዘር ሳያራግፍ ከታጨደ የሚቀጥለው ዙር እንደሚሳሳ ተናገሩ። እኔ ብጠየቅ ለጎረቤትየው ጣራ የሚበቃውን ከሌላ ቦታ ፈልገን ሜዳው ይቆይ እል ነበር። አንድ ወጣት ከእኔ ቀደመ። “ታዲያ የእሱን ቤት በጋራ እንክደንለትና እንጠብቃ” አለ። ለኮሚቴው ስብሰባ ይዘውት ሊሄዱ ተስማሙ።