የወገብ ኦፕራሲዮን፦ ሴቷ ለምን ዘግይታ ትደርሳለች?

«የወገብ ኦፕራሲዮን ለሴት አይሆንም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ አባባል የሚያሳስበኝ መነሻው ሙሉ በሙሉ ውሸት ስላልሆነ ነው። ስዊድናውያን የጀርባ አጥንት ቀዶ ጥገና የሚመዘግቡበት ስዊስፓይን የሚባል አገር አቀፍ መዝገብ አላቸው። ከዚያ መዝገብ ከ11,000 በላይ የዲስክ (በአከርካሪዎች መካከል ያለው ትራስ) መንሸራተት ታካሚዎችን አይቶ በ2016 የወጣ ጥናት፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ሴቶቹ ከወንዶቹ የባሰ ሕመም እንደነበራቸው አሳይቷል። ሰው የሚረሳው ግን ቀጣዩን ነው፤ እነዚሁ ሴቶች ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገቡም ከወንዶቹ የባሰ ሕመም ይዘው ነው የገቡት።

በቁጥር እንየው። ሐኪሞች ኦስዌስትሪ በሚባል መጠይቅ ወገብ የሰውን ኑሮ ምን ያህል እንዳሰናከለ ከ0 እስከ 100 ይለካሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ጉዳቱም ከፍ ይላል። በ45 ነጥብ ላይ እያለ የታከመ ወንድና በ60 ነጥብ ላይ የደረሰች ሴት ሁለቱም 30 ነጥብ ቢሻላቸው፣ እሱ 15 ላይ፣ እሷ 30 ላይ ትቀራለች። ኦፕራሲዮኑ ለሁለቱም እኩል ሠርቷል፤ የተለያየው የተነሡበት ቦታ ነው። ከዚሁ መዝገብ በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አጥንት በብሎን የተያያዘላቸውን 4,780 ሰዎች ለሁለት ዓመት ተከታትሎ ሴቶች ከወንዶች ያነሰ እንዳልተሻላቸው ደምድሟል።

ታዲያ ሴቷን ሕመሟ እስኪብስ ድረስ ማን አዘገያት? አንዱ ምክንያት «ቻይው» ተብላ ማደጓ ነው። ሌላው ከሐኪሙ ወንበር ይመጣል። በ2008 ካናዳ ውስጥ የጉልበታቸው ጉዳት እኩል የሆነ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ለጥናት መላካቸው ሳይታወቅ፣ ወደ 71 ሐኪሞች ሄደው ነበር። ጉልበቱ እንዲቀየር ለወንዱ የመከሩት ሐኪሞች ለሴቷ ከመከሩት ሁለት እጥፍ ያህል ነበሩ። የተጠናው ጉልበት ነው፣ ወገብ አይደለም፤ ነገር ግን «ውጥረት ነው፣ ዕድሜ ነው» ተብላ የተመለሰች ሴት ነገሩን ታውቀዋለች።

ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «ያመኛል» ብቻ አትበሉ፤ በልክ ተናገሩ። «200 ሜትር ስሄድ እግሬ ይዝላል፣ ቁጭ ስል ወይም ወደፊት ጎንበስ ስል ይለቀኛል» የሚል ሰው የነርቭ መተላለፊያው እንደጠበበ እየጠቆመ ነው። ቤት ውስጥም መሞከር ትችላላችሁ፤ በተረከዝ ብቻ፣ ከዚያ በጣት ጫፍ ብቻ ጥቂት እርምጃ ሂዱ። በተረከዝ መሄድ ካቃተ ወይም አውራ ጣት ወደ ላይ አልነሣ ካለ ብዙ ጊዜ የተነካው ኤል 5 የሚባለው ነርቭ ነው። በጣት ጫፍ መቆም ካልተቻለ ኤስ 1 ነው። እንዲህ ያለ ድክመት ከሌለ ለዲስክ መንሸራተት ስድስት ሳምንት ያህል በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ብዙው ሰው በዚያ ጊዜ ይሻለዋል። ድክመት እየጨመረ ከሄደ ግን ስድስት ሳምንት መቁጠር የለም። ኦፕራሲዮኑ ይበልጥ የሚያሽለው ወደ እግር የሚወርደውን ሕመም መሆኑንም እወቁ፤ የወገቡን ሕመም ያን ያህል አያጠፋውም።

ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶችን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። አንዱ አከርካሪ በሌላው ላይ ወደፊት የመንሸራተት ችግር፣ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው የወገብ አከርካሪ (ኤል 4) በአምስተኛው (ኤል 5) ላይ፣ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። ለዚህ የጠበበውን የነርቭ መተላለፊያ ማስፋት ብቻ ወይስ አከርካሪዎቹን በብሎን ማያያዝም? በ2016 የታተመ የስዊድን ጥናት መተላለፊያው የጠበበባቸውን፣ ከግማሽ በላዩ አከርካሪያቸው የተንሸራተተ፣ ከ50 እስከ 80 ዓመት የሆኑ 247 ሰዎችን ሁለት ቦታ ከፍሎ አይቷል። ብሎኑ ከሁለት ዓመት በኋላ የተለየ ጥቅም አላሳየም፤ ሆስፒታል የመተኛውን ጊዜ ግን ከአራት ቀን ግድም ወደ ሰባት ቀን አሳድጓል። በዚያው ዓመት የወጣ አነስ ያለ የአሜሪካ ጥናት መጠነኛ ጥቅም ስላገኘበት ክርክሩ አልተዘጋም። «ብሎኑ ለእኔ ለምን አስፈለገ?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው። አስፈላጊ ነው ከተባለም የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ ይቅደም። ከማረጥ በኋላ አጥንት ይሳሳል፤ የምርመራው ውጤት (ቲ-ስኮር ይባላል) ከ −2.5 በታች ከሆነ ብሎኑ እንደ ላላ ምስማር ሊነቀል ይችላል። አስቀድሞ አጥንቱን በመድኃኒት ማጠንከር ወይም ብሎኑን ለአጥንት በተዘጋጀ ሲሚንቶ ማገዝ ይቻላል።

ከማደንዘዣ በኋላ የማስታወክ አደጋን የሚጨምሩ አራት ነገሮች አሉ፦ ሴት መሆን፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ መኪና ላይ የማስመለስ ወይም ከዚህ በፊት ከማደንዘዣ በኋላ የማስታወክ ታሪክ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ መውሰድ። አንዱም ከሌለ አደጋው 10 በመቶ ገደማ ነው፣ አራቱም ካሉ 80 በመቶ ይደርሳል። ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ መከላከያ መርፌ አለው።

ወንዱም የራሱ ጣጣ አለው። ፕሮስቴቱ ያደገ ሰው ከማደንዘዣ በኋላ ሽንቱ ሊዘጋበት ስለሚችል የሚወስደውን መድኃኒት ይናገር። ኦፕራሲዮኑ በሆድ በኩል ከሆነ፣ በተለይ የመጨረሻው ዲስክ ላይ፣ የዘር ፈሳሽ ወደ ፊኛ እንዲመለስ የሚያደርግ የነርቭ ጉዳት ሊያጋጥም ይችላል፤ ገና ልጅ የሚፈልግ ወንድ ይህን ሳይጠይቅ አይፈርም። አጫሽ ከሆነ አጥንቱ ላይያያዝ ስለሚችል ሳምንታት አስቀድሞ ያቁም።

ከሆስፒታል ሲወጡ «ከባድ ነገር አታንሺ» ይባላል፣ ግን ልኩ አይነገርም። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከ4 ወይም 5 ኪሎ በላይ አይነሣም። የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። የአንድ ዓመት ሕፃን 9 ወይም 10 ኪሎ ይሆናል፤ ስለዚህ ማዘል የለም፤ እናት ትቀመጥና ሌላ ሰው እቅፏ ላይ ያስቀምጥላት። ምጣዱ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ካልወጣ እንጀራው በሌላ ሰው ይጋገር። ሳፋ ላይ ጎንበስ ብሎ ማጠብም ይቅር፣ ምክንያቱም ጎንበስ ማለቱ ጊዜ ይወስዳል። ከአልጋ ስትነሡ በጎን ዙሩ፣ እግራችሁን አውርዱ፣ ከዚያ በክንዳችሁ ተገፍታችሁ ተነሡ። ባል ይህን ዝርዝር ከቀጠሮው ቀን በፊት ያንብበው። ብዙ ሴት ኦፕራሲዮኑን የምታራዝመው ቤቱን የሚይዝላት በማጣት ነው።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ሽንት አልወጣ ወይም ሳይታወቅ አመለጠ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች ዛሉ፤ ይህ የታችኛው የነርቭ ጥቅል ሲጨቆን ነው። ሴቷ «ከወሊድ የመጣ ነው»፣ ወንዱ «ፕሮስቴት ነው» ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል። በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተላቀቀ ሽንትና ሰገራ የመቆጣጠር አቅም ላይመለስ ይችላል። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ወገብ አመመኝ ብላችሁ ወረፋ አትያዙ። «ሽንት ቤት ስጠራረግ አይሰማኝም» በሉ።