ግሩፕ ሆም ሲሠራ መታጠቢያ ቤቱ ይቅደም

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ግሩፕ ሆም የምንሠራ ሐበሾች ብዙ ነን፤ ግሩፕ ሆም ማለት አካል ጉዳተኞች አብረው እየኖሩ እንክብካቤ የሚያገኙበት ቤት ነው። ስንገናኝ የምናወራው ስለ ሺፍትና ስለ ኦቨርታይም ነው። ስለ ቤቱ አሠራርም እንድናወራ እፈልጋለሁ፤ ቤቱ ካልተመቸ መጀመሪያ የሚጎዱት ነዋሪዎቹ ናቸው፣ ቀጥሎ የእኛ ወገብ።

ብዙ ሰው ደጃፉ ላይ ራምፕ (ዊልቼር የሚወጣበት ተዳፋት) ከተሠራ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ዋናው ጣጣ ግን መታጠቢያ ቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የግንባታ መስፈርት ለዊልቼር መዞሪያ 60 ኢንች፣ ማለትም 152 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ስፋት ያለው ክብ ቦታ፣ ወይም በቲ (T) ቅርጽ የተሠራ መዞሪያ፣ ይጠይቃል። ይህ ዊልቼሩን ራሱ እየነዳ ለሚገባ ሰው ጥሩ ነው። ራሱን ችሎ መቀመጥ የማይችል ሰው ሲታጠብ ግን ዊልቼሩ አለ፣ የሻወር ወንበሩ አለ፣ ሰውን አንጠልጥሎ የሚያዘዋውረው ባለጎማ ማንሻ፣ ሊፍቱ፣ አለ፣ በዚያ ላይ ሁለት ረዳት። መኝታ ቤቱ ምንጣፍ ከሆነማ ሰው ተንጠልጥሎበት፣ ጎማው ምንጣፉ ውስጥ እየሰመጠ፣ ሊፍቱን እየታገሉ መግፋት ነው። ከአልጋው እስከ ሻወሩ ማንሻው የሚሄድበት ሐዲድ ጣሪያው ላይ ቢገጠም ይህ ሁሉ ይቀራል። ጣሪያው ግን ክብደቱን እንዲችል ቤቱ ሲሠራ ነው መጠናከር ያለበት፤ በኋላ ከሆነ ማፍረስ ይመጣል።

ደግሞ ለአንዱ የተመቸው ሌላውን ያደናቅፋል። በሠራሁበት አንድ ቤት ለዊልቼር ተብሎ የበሮቹ ደፍ ሁሉ ተነሣ። ማየትም መስማትም የማይችሉ አንዲት እናት እዚያ ይኖሩ ነበር። ለካ ወደ ኩሽና የሚታጠፉት ደፉን በእግራቸው እየነኩ ነው። ኮሪደሩ መሐል ቆመው ግድግዳውን ሲዳብሱ አገኘኋቸው፤ አንጀቴን በሉት። ኋላ መታጠፊያው ላይ ስስ ሸካራ ንጣፍ ተለጠፈ። ኩሽናው በር ላይ የእንጨት ማንኪያ፣ ክፍላቸው በር ላይ የሚወዱት የሱፍ ሻርፕ ሰቀልን። በሳምንቱ ብቻቸውን መሄድ ጀመሩ።

ሌላው ነዋሪ መናገር አይችልም። ከአልጋ ስናነሳው ሁልጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ያዞራል። ሊፍቱን የሚፈራ ይመስለን ነበር። አንድ ቀን አልጋው ላይ በጀርባዬ ተኛሁና ሽቅብ አየሁ። የጣሪያው መብራት ቀጥታ ዓይን ውስጥ ይገባል። ስንት ዓመት ሙሉ! ለሥራ አስኪያጇ ነገርኳት፣ መብራቱ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ሌላ ተገጠመ። አሁን ስናነሳው ዓይኑን ከፍቶ ያየናል።