ትሏን በሆዷ በኩል አትክፈቷት

ድሬዳዋ ላይ የመሬት ትል ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ደረቅ ነው፤ ቢቆፍሩት ቢቆፍሩት ምንም የለውም። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ግን ነርቭን ከሰሌዳ ሥዕል ብቻ እንዲያውቁት አልፈለግኩም። ስለዚህ ሳቢያን፣ ጓሯቸው ውስጥ ሙዝ የተከሉ ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ። «ለዓሣ ማጥመጃ ነው ልጄ?» አሉኝ። «አይ እትዬ፣ ለትምህርት ነው» አልኳቸው። ቧንቧው የሚያንጠባጥብበትን ቦታ አሳዩኝ። በዶማ ሁለቴ እንደመታሁት ወጡ።

የመጀመሪያዎቹን በፌስታል ይዤ ሄድኩ፤ ሳይረፍድ ሞቱብኝ። ትል ሳንባ የላትም። የምትተነፍሰው በእርጥብ ቆዳዋ ነው፤ የድሬ ሙቀት ደግሞ ፌስታል ውስጥ ምሕረት የለውም። በጣም አዘንኩ። ቀጥሎ ማሰሮ ውስጥ እርጥብ አፈር አድርጌ፣ አፉን በጨርቅ ሸፍኜ ጥላ ሥር አኖርኳቸው። ደህና ሆኑ።

ማደንዘዣው ቀላል ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል አንድ እጅ፣ ውሃ ስድስት እጅ። 10 በመቶ ይሆናል። ሲነኳት ምንም እስካትል ድረስ እዚያ ትቆያለች። ይህን ሳያረጋግጡ ምላጭ ማንሳት አይገባም።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ከዚህ በኋላ ነው። የእኛ ሕብለ ሰረሰር በጀርባችን ነው። የትል የነርቭ ገመድ ግን ከአንጀቷ ሥር፣ በሆዷ በኩል ነው የተዘረጋው። በሆዷ ስከፍታት የምፈልገውን ገመድ ራሱን ሰነጠቅኩት! አሁን መጀመሪያ ጥቁር ቀይ የደም ሥር የሚታይበትን ጎን እፈልጋለሁ፤ ጀርባዋ እሱ ነው። ከደም ሥሩ ትንሽ ጎን ብዬ፣ ምላጩን ወደ ላይ እንደማንሳት አድርጌ እቀድዳለሁ። ቆዳዋን ግራና ቀኝ በስፒል እወጥርና አንጀቱን በወረንጦ አነሳለሁ። ከሥሩ ነጭ ክር ይታያል። 70 በመቶ አልኮል ጠብ ሲያደርጉበት ይበልጥ ይነጣል፣ ጠንከርም ይላል።

ክሩን ወደ ራሷ ተከተሉት። ከራሷ ጫፍ ሲቆጠር 4ኛው የሰውነቷ ቀለበት ላይ ጉሮሮዋን ከግራና ከቀኝ አቅፎ ወደ ላይ ይወጣል። 3ኛው ላይ ሁለት ጥቃቅን ነጭ እብጠቶች አሉ፤ አንጎሏ ናቸው። ወደ ጭራዋ ሲወርዱ ደግሞ ገመዱ በየቀለበቱ ትንሽ ያብጣል፤ ከእያንዳንዱ እብጠት ሦስት ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ።

ሕዋሳቱን ማየት ሌላ ጣጣ ነው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ፓውል ኤርሊኽ በ1886 ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ሕያው ነርቭን እንደሚያቀልም አሳይቷል። እኔ «ሕያው» የሚለውን ቃል ዘልዬ፣ አልኮል የጠጣ ገመድ ላይ አፈሰስኩት። ሁሉም እኩል ሰማያዊ ሆነ። በሌላ ቀን ትኩስ ቁራጭ ወስጄ፣ በሊትር 6 ግራም ጨው ባለው ውሃ ቀለሙን አቅጥኜ፣ አየር እያገኘ ጠበቅኩ። ማይክሮስኮፑን 400 ጊዜ ወደሚያጎላው ሳዞረው ጥቂት ሕዋሳት ብቅ አሉ። የሎሚ ፍሬ መሰሉ፤ ከአንድ ጫፋቸው አንድ ጭራ ወጥቷል። ከደስታዬ ብዛት ሌላ ክፍል የሚያስተምረውን ባልደረባዬን ጠራሁት።

አብዛኞቹ የሕዋስ አካላት፣ የሎሚ ፍሬ የመሰለው ክፍላቸው፣ በገመዱ ውስጥ ከታችና ከጎን ይሰበሰባሉ። ከላይ በኩል ደግሞ ሦስት ግዙፍ የነርቭ ክሮች አሉ፤ እነሱን ያየኋቸው ተዘጋጅቶ በመጣ ስላይድ ላይ ነው። እያንዳንዱ ክር አንድ ሕዋስ አይደለም። የየቀለበቱ ሕዋስ ከቀጣዩ ጋር ተያይዞ፣ መልእክቱ በኤሌክትሪክ ይሻገራል። ራሷ ሲነካ የመሃሉ፣ ጭራዋ ሲነካ የጎኖቹ ሁለቱ ይሠራሉ። የመሃሉ ወፍራም ስለሆነ ይፈጥናል።

ለዚህ መቁረጥም አያስፈልግም። አንዷ ተማሪ ማሰሮው ውስጥ ያለችውን ትል ጭራ በሣር ጫፍ ነካችው፤ ትሏ ሽምቅቅ አለች።

«ቲቸር፣ አሁን በየትኛው ነው የሄደው?»

«በጎኖቹ» አልኳት።

ሣሩን አዙራ የትሏን ራስ ነካች። «አሁን በመሃሉ!»