በአዳማ ዳርቻ የአንድ መንገድን ታሪክ ስሰበስብ፦ እስካሁን የደረስሁበት

የሰፈራችንን መንገድ ታሪክ ከነዋሪዎቹ አንደበትና በየቤቱ ሣጥን ከተቀመጡ ወረቀቶች እየሰበሰብሁ ስለሆነ፣ በየከተማችሁ ተመሳሳይ ሥራ ለያዛችሁ ባልንጀሮቼ የደረስሁበትን ላካፍላችሁ። መንገዱ በአዳማ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ የነፋስ ተርባይኖቹ ወደቆሙበት ኮረብታ የሚያወጣ፣ ጋሪና ባጃጅ እየተጠባበቁ የሚተላለፉበት ጠባብ መንገድ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያታግለው ዘመኑን ማወቅ ነው። አንድ አረጋዊ ቤታቸውን መቼ እንደሠሩ ሲጠየቁ ዓመተ ምሕረት ከመጥራት ይልቅ «የመጀመሪያ ልጄ ዳዴ ስትል» ይላሉ፤ የልጅቷ የክርስትና ወረቀት ከተገኘ ይህ መልስ ከማንኛውም ግምት ይሻላል። ስለዚህ ጥያቄዬን ሁሉም በሚያስታውሳቸው ክስተቶች ዙሪያ አደርጋለሁ፦ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በሐምሌ 1967 ከመውጣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ ግቢው ታጥሮ ነበር? የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ እስከ 1997 አዳማ በነበረበት ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች የሚከራይ ክፍል ጨምረዋል? ለወጣት ተከራዮች ደግሞ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የተከፈተበት ጊዜ ይበቃል።

ወረቀቶቹም ይረዳሉ። የቀበሌ ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ከ1967 በፊት ሊጻፍ አይችልም፤ ቀበሌ ራሱ የተቋቋመው በዚያው አዋጅ ነውና። «ናዝሬት» የሚል ማኅተም ግን ያን ያህል አያስተማምንም፤ ከተማዋ በ1990ዎቹ አዳማ የሚለውን ስሟን በይፋ ካስመለሰች በኋላም የእኛ እድር የድሮውን ማኅተም ሲጠቀም ቆይቷል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ አንድ ግቢ ነው። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ትቶ ትርፉን የመንግሥት ሲያደርገው፣ ባለቤቶቹ በፊት ለፊቱ ቤት ሲቀሩ ከጓሮ ያሉት የጭቃ ክፍሎች ተወረሱ፤ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች ስለነበረም ለኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሳይሆን ለቀበሌ ደረሱ። ተከራዮቹ እዚያው ሆነው ኪራያቸውን ለቀበሌ መክፈል ሲጀምሩ፣ የግቢው በር፣ ቧንቧውና መጸዳጃው ግን እንደ ቀድሞው የጋራ ሆነው ቀጠሉ። የባለቤቱ ልጅ የሚነግሩኝ አባታቸው ያንን የክፍል ረድፍ ከደመወዛቸው እየቆጠቡ እንዴት እንዳቆሙትና ከአዋጁ በኋላ ወደ ጓሮ መሄድ እንዴት እንዳቆሙ ነው። በጓሮ የኖሩት እናት ደግሞ ማንንም ሳያስፈቅዱ ግድግዳው ላይ ሚስማር መትተው የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ የሰቀሉበትን ቀን ያወሳሉ። ሁለቱም ዛሬ ቡና የሚጠራሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ታሪኮቹን አስታርቄ አንድ ትረካ ማድረግ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ያ የእኔ ታሪክ እንጂ የእነርሱ አይሆንም ብዬ ስለማምን ጎን ለጎን ጻፍኋቸው። ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቃል ብቻ አንብቤ፣ ሌላው እንዲያነበው ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ሁለቱም ፈቀዱ፣ የባለቤቱ ልጅ ግን ስለ አባታቸው የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲወጣ ፈለጉና አወጣሁት። ይህን ማንም ሰብሳቢ ቸል እንዳይለው እመክራለሁ።

በክረምት ከኮረብታው ስለሚወርደው ጎርፍ ግን ሁሉም አንድ ቃል ናቸው። የአሮጌዎቹን ቤቶች ደፍ ሳስተውል፣ ጎርፉ በመጣ ቁጥር ድንጋይ እየተደራረበበት ከፍ ያለ መሆኑ በግልጽ ይታያል፤ የትኛው ቤት የትኛውን ጎርፍ እንዳሳለፈ ለመጠየቅም ጥሩ መነሻ ይሆናል።

አሁን የያዝሁት የእድሩን መዝገብ ነው። ጸሐፊው እርሳቸው ባሉበት ብቻ እንዳነብ ፈቅደውልኛል፤ አባላት የገቡበትን ቅደም ተከተል ከቤቶቹ ካርታ ጋር ሳስተያየው መንገዱ ከታች ወደ ላይ እንደተሠራ ያሳያል። ቀጥሎ የመንገዱ ላይኛ ጫፍ የጤፍ ማሳ በነበረበት ጊዜ ያርሱት ከነበሩት ቤተሰቦች ጋር እቀመጣለሁ። አረጋውያኑ በአፋን ኦሮሞ ሲያወሩ ነገሩን አስፍተው ስለሚናገሩ፣ ቋንቋውን ከእኔ የተሻለ የምትችል የጎረቤት ልጅ አብራኝ ልትሄድ ተስማምታለች፤ ድምፁን በስልክ ቀድተን መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ እንጽፈዋለን።