ጃፓን የሚባሉ ስፔናውያን፦ የኮሪያ ዴል ሪዮ ጉዞዬ

በነሐሴ ወደ ደቡብ ስፔኗ ሴቪል ሂዱ ብዬ ማንንም አልመክርም። በጥላ ሥር 40 ዲግሪ ነው፤ አስፋልቱ ከታች፣ ፀሐይዋ ከላይ ሆነው ሰውን መሀል ላይ ያበስሉታል። እኔ ደግሞ ፍልሰታን ይዤ ነው የገባሁት። ያሠሪዬ ፈቃድና የፆሙ ወቅት ገጥመው ምርጫ አልነበረኝም።

አሮጌው ከተማ ውስጥ የያዝኩት ርካሽ ማረፊያ «ኤሲ አለው» ይላል። አለው፣ አልዋሹም። ሪሞቱን ለማግኘት ግን በሌሊት አምስት ዩሮ ይከፈላል። ይህን የሚነግሩህ ሻንጣህን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመህ ከወጣህ በኋላ ነው። በእልህ አልከፍልም አልኩና መስኮቱን ከፍቼ ተኛሁ። ከመስኮቱ ሥር መጠጥ ቤት አለ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲስቁ ቆዩ፤ ከዚያ የብረት ወንበር መጎተት ተጀመረ፤ አሥር ሰዓት ገደማ መንገድ የሚያጥብ መኪና መጣ። በማግስቱ ጠዋት አምስቱን ዩሮ ቆጥሬ ሰጠሁ።

ምግቡም እንዲሁ ሲፈትነኝ ነበር። ሥጋ የሌለው ሰላጣ ስል ቱና ተደርጎበት ይመጣል፤ ለእነሱ ዓሣ ሥጋ አይደለም። ሳልሞሬሆ የሚባለውን ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ አዘዝኩ፤ ላዩ ላይ የተከተፈ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ተነስንሶበታል። ካቴድራሉ አጠገብ ያለ ምግብ ቤት ደግሞ ያላዘዝኩትን ዳቦና ወይራ አቅርቦ ሒሳቡ ላይ ጨመረው። ስከራከር አስተናጋጁ ትከሻውን ሰበቀ፣ በቃ። ያዳነኝ ከወንዙ ማዶ፣ ትሪያና በሚባለው ሰፈር ባለ መጠጥ ቤት ያገኘሁት እስፒናካስ ኮን ጋርባንሶስ ነው፦ ስፒናች ከሽምብራ ጋር፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በከሙንና በወይራ ዘይት። ሽታው ብቻ ቤቴ አደረሰኝ። ሦስት ቀን ያንኑ በላሁ።

የመጣሁት ግን ለአንድ ስም ነው። እኔ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። እዚያ ልጄን ሳስመዘግብ «የቤተሰብ ስማችሁ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ቢሮ ለቢሮ አንከራቶኛል። የእኔ ፓስፖርት መጨረሻ ላይ ያለው የአያቴ ስም ነው፣ የባለቤቴ ላይ የእሱ አያት፣ የልጃችን ላይ ደግሞ ሌላ። ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠችው ሴትዮ የተጭበረበረ ሰነድ እንዳቀረብንላት ነበር የምታየን። ይህን ለአንዲት ስፔናዊት የሥራ ባልደረባዬ ሳወራላት «የእኛዎቹ ደግሞ አንድ ስም ይዘው 400 ዓመት ይቆያሉ» ብላ የጃፖኖችን ታሪክ አወራችኝ። ጃፖን በስፔን አጻጻፍ ጃፓን ማለት ነው፤ ሲጠራ «ኻፖን» ይባላል። ስሙ የሚበዛበት ከተማ ኮሪያ ዴል ሪዮ ነው። (እናቴ በስልክ «ኮሪያ ሄጄ ጃፓኖች ላይ ነው» ስላት ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም።)

ከሴቪል በአውቶቡስ ሁለት ዩሮ እንኳን አይሞላም። ጓዳልኪቪር ወንዝን በግራ ይዞ በሳን ኹዋን ዴ አስናልፋራቼና በኼልቬስ በኩል ይወርዳል። ኮሪያ 30,000 ያህል ሰው ያላት፣ ነጭ የተቀባች፣ ምንም የማትመስል ከተማ ናት። ድልድይ የላትም፤ መኪና ሁሉ ወንዙን በጀልባ ነው የሚሻገረው። በ1930ዎቹ ከዚህ ወንዝ ስተርጅን የሚባል ዓሣ እየተያዘ ከእንቁላሉ ካቪያር የሚሠራበት ፋብሪካ ነበራት። አሁን ስተርጅኑ ጠፍቷል፤ የቀረው አልቡር የሚሉት ዓሣ ነው። እሱም ለእኔ በዚያ ሳምንት አይሆንም ነበር።

ወንዙ ዳር ባለው መናፈሻ ውስጥ አንድ ሳሙራይ ቆሟል። ሃሴኩራ ጹኔናጋ ነው፤ ሐውልቱ ከጃፓን የመጣ ስጦታ ነው። የሰውዬው ጉዞ የእኔን ማጉረምረም ያሳፍራል። በ1613 የሰሜን ጃፓን ገዥ የነበረው ዳቴ ማሳሙኔ በራሱ ግዛት ባሠራው መርከብ 180 ያህል ሰው አሳፍሮ ላከው። ፓሲፊክን አቋርጠው አካፑልኮ ደረሱ፣ ሜክሲኮን በየብስ ተሻገሩ፣ በሃቫና በኩል አትላንቲክን አልፈው በኦክቶበር 1614 ሳንሉካር ደ ባራሜዳ ላይ ወረዱ። ከዚያ ወንዙን ሽቅብ ወጥተው ኮሪያ ላይ አረፉ፤ ሴቪል በክብር እስክትቀበላቸው ድረስ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የቀሩት ወደ 30 ገደማ ነበሩ። አስተርጓሚያቸውና የሐሳቡም ጠንሳሽ ሉዊስ ሶቴሎ የሚባል ሴቪል የተወለደ ፍራንሲስካዊ መነኩሴ ነው። የዳቴ ማሳሙኔ ደብዳቤ ዛሬም ሴቪል ከተማ መዝገብ ቤት ውስጥ አለ።

ሃሴኩራ በጃንዋሪ 1615 ማድሪድ ላይ ንጉሥ ፌሊፔ ሦስተኛ ፊት ቀረበ፤ በቀጣዩ ወር ተጠመቀና የንጉሡን ስም ወስዶ ፌሊፔ ፍራንሲስኮ ተባለ። በዓመቱ መጨረሻ ሮም ላይ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ አምስተኛ ጋር ተገናኘ። የፈለገው የንግድ ስምምነት ግን አልተፈረመለትም፤ ምክንያቱም ጃፓን ውስጥ ክርስትና እንደታገደና ክርስቲያኖች እየተሳደዱ እንደሆነ ወሬው ቀድሞት ስፔን ገብቷል። ይህን ሳነብ ሐሳቤ ጎርጎራ ደረሰ። በዚያው ዘመን ሌላው የዚህ ንጉሥ ዜጋ፣ ጴድሮ ፓኤዝ፣ አጼ ሱስንዮስን ካቶሊክ ለማድረግ እየደከመ ነበር። ሱስንዮስ እምነታቸውን በይፋ የለወጡት በ1622 ነው፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ፤ ሃሴኩራም አገሩ ገብቶ በዚያው ዓመት ሞተ። ሶቴሎን በ1624 ጃፓን ውስጥ አቃጠሉት።

ከተከታዮቹ ጥቂቶቹ ግን ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ኮሪያ ላይ የሚነገረው እንዲህ ነው፦ የቀሩት አግብተው ወለዱ፣ የጃፓን ስማቸውን ማን ይጠራዋል ተብሎ «የጃፓኑ» ተባሉ፣ ስሙም ለልጅ ልጅ ተረፈ። ዛሬ በኮሪያና በአካባቢዋ ከ600 በላይ ጃፖኖች እንዳሉ ይነገራል፤ ጎረቤቷ ላ ፑዌብላ ዴል ሪዮም አይጠፉም። ከሴቪል አውራጃ ወጥተህ ስፔንን ብትዞር ግን የአገሩ ተወላጅ ጃፖኖችን እንደዚህ ተሰብስበው አታገኛቸውም። ነገሩን የሚያጠናክረው ይኸው ነው፤ ስሙ አንድ ቦታ ላይ ፈልቆ እዚያው እንደቀረ ያስመስላል። የሚያዳክመው ደግሞ መዝገቡ ነው። ስሙ በደብሩ ክርስትና መዝገብ ላይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ብቅ ይላል፣ ሆኖም የጥንቱ መዝገብ ሙሉ አይደለም፤ ከሃሴኩራ ሰዎች አንዱን በስሙ ጠርቶ «ይህ የእገሌ ልጅ ነው» የሚል ሰንሰለት የለም። ዘውዳዊው ልዑል ናሩሂቶ ግን፣ የዛሬው ንጉሠ ነገሥት፣ በ2013 እዚህ ድረስ መጥተው የቼሪ ዛፍ ተክለዋል። ለከተማዋ ከመዝገብ ይልቅ ይሄ ይበቃታል።

ቅድስት ማርያም ደ ላ ኤስትሬያ የምትባለውን ደብር ለማየት ሄድኩ፤ ተዘግቷል። ቀትር ላይ ሁሉ ነገር ይዘጋል፤ ፋርማሲውም፣ ዳቦ ቤቱም፣ ውሻውም ተኝቷል። ተመልሼ ወንዙ ዳር ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጎኔ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ላቤን አይተው ያልተከፈተ የውሃ ኮዳ ከከረጢታቸው አወጡና «እንኪ ልጄ፣ በዚህ ሰዓት የሚወጣው የውጭ አገር ሰው ብቻ ነው» አሉኝ። የእኔ ስፔንኛ ገበያ የሚያደርስ ብቻ ነው፤ የቀረውን ስልኬ አግዞኛል።

ጃፖን ነዎት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ነኝም፣ አይደለሁምም» አሉ። ከዚያ በጣታቸው ስሞች መቁጠር ጀመሩ። ስፔን ውስጥ ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፣ የአባቱ መጀመሪያና የእናቱ መጀመሪያ። ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም። ወደኋላ ከተቆጠረ አራት፣ ከዚያ ስምንት ይሆናል። የእሳቸው ጃፖን አራተኛው ጣት ላይ መጣ፤ የእናታቸው እናት ስም ነው። እናታቸው ሁለተኛ አድርገው ይዘውት ነበር፣ እሳቸው ጋ ሲደርስ ወረቀት ላይ የለም። «ደሙ አለ፣ ስሙ ወድቋል። መንገድ ማዶ ያለው ጎረቤቴ ግን በአባቱ በኩል ስለያዘው ከጃፓን ጋዜጠኛ በመጣ ቁጥር ፎቶ የሚያነሱት እሱን ነው» አሉና ሳቁ። ጎረቤትየው ግንባሩን ገትሮ ዓይኑን አጥብቦ ፎቶ እንደሚነሳ በተግባር አሳዩኝ። ዛሬ ወላጆች የስሞቹን ቅደም ተከተል ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ከ2017 ወዲህ ባይስማሙም እንኳ የአባት ስም በቀጥታ አይቀድምም። «ለእኔ ዘግይቷል» አሉ።

የአንቺስ አሉኝ። ራሴን ቀና አድርጌ አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን እያልኩ ቆጠርኩላቸው፤ ስድስተኛው ድረስ ሳልደናቀፍ። እኛ ዘንድ እኮ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው አልኩ። በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ «ሴት የለችበትም?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ በስልኬም መልስ አላገኘሁም። የአባቴን እናት ስም አውቃለሁ፤ የእሷን እናት ግን አላውቅም። በሌላ በኩል ደግሞ የእኛን ሥርዓት ልከላከል ፈለግኩ፦ እኔ ስድስት ሰው በስማቸው አውቃለሁ፣ እነሱ የያዙት የአገር ስም ነው። የመጀመሪያው ጃፖን ማን ይባል እንደነበር በከተማው የሚነግርህ የለም። ያ ሰው ጎንደር ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ስሙ በልጁና በልጅ ልጁ ላይ ቆይቶ ከፓስፖርቱ ጠርዝ ይወድቅ ነበር፤ ማን እንደነበር ግን ቢያንስ አንድ አያት ትቆጥረው ነበር። ይህን በስልኬ ተርጉሜ ባሰማቸው «ታዲያ ማን ሐውልት ያቆምለት ነበር?» አሉኝ። እዚህ ላይ አሸነፉኝ።

ሩዝ መትከልን ለአካባቢው ያስተማሩት ጃፓኖቹ ናቸው የሚል ወሬም አጫወቱኝ። ከወንዙ ወደ ታች፣ ኢስላ ማዮር ድረስ፣ እውነትም ትልቅ የሩዝ ማሳ ነው። ነገር ግን ያ ረግረግ በስፋት ሩዝ የሆነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነውና ይህችን ለእንግዳ የምትነገር ጨዋታ አድርጌ ወሰድኳት። ሕፃናት ሲወለዱ ወገባቸው ላይ ሰማያዊ ምልክት ይታያል የሚለውንም እንዲሁ፤ በእኛም አገር ስንት ሕፃን ይዞት ይወለዳል።

ማታ ሴቪል ስመለስ እንግዳ ተቀባይዋ ጋ ስለ ሪሞቱ የጀመርነው ክርክር አልቆ ወሬ ሆነ። ኮሪያ ውዬ ጃፖኖችን አየሁ ስላት ሳቀች። እሷ ከኢኳዶር፣ ከሎሃ አውራጃ ናት። «እኛ ዘንድ ሳራጉሮ ሂጂ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ስም ሲጠራ ጃፖን፣ ጃፖን፣ ጃፖን ነው» አለችኝ። ሳራጉሮዎች በደቡብ ኢኳዶር ተራራ ላይ የሚኖሩ፣ ጥቁር ልብስና ባለ ሰፊ ጠርዝ ባርኔጣ የሚያዘወትሩ፣ ኪችዋ ከሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ወገን ናቸው፤ ጃፖን ከታወቁት የቤተሰብ ስሞቻቸው አንዱ ነው። ከእነሱም ብዙዎች ለሥራ ወደ ስፔን መጥተው አልሜሪያ አውራጃ ቬራ የምትባል ከተማ ሰፍረዋል። ስለዚህ ዛሬ ስፔን ውስጥ በበር ደወል ላይ ጃፖን የሚል ስም ያየ ሰው ሳሙራይ ነው ብሎ ባይቸኩል ይሻላል፤ ከአንዲስ ተራራ የመጣ አትክልት ለቃሚ ሊሆን ይችላል።

እዚያስ ስሙ ከየት መጣ ይላሉ ብዬ ጠየቅኳት። «ማንም ጠይቆን አያውቅም» አለች፣ ቁልፍ እያቀበለችኝ። ልዑልም አልመጣም፣ ዛፍም አልተተከለም። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው፤ አንዱ ስም ደስ የሚል ታሪክ ስላለው ሐውልት ይቆምለታል፣ ያው ስም ሌላ ቦታ ታሪክ ስለሌለው ብቻ ፈላጊ ያጣል። ቬራ ከሴቪል በአውቶቡስ ከግማሽ ቀን በላይ ሊወስድ እንደሚችል ነገረችኝ፤ የአጎቷ ልጅ እዚያ አለ። ቁጥሩን በሒሳብ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፈችልኝ። የሪሞቱ አምስት ዩሮ በደረሰኙ ፊት ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ ሁለት ጊዜ።