ከላስቲኩ በፊት

አናቶሚ የሚያስተምር ሰው በማስተማሪያ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ እንደ ሙዚየም ጠባቂ ይቆጠራል። ሕይወት ያለው ሥራ ዋርድ ውስጥ ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው ፎርማሊን፣ አጥንትና የላቲን ስም ብቻ ነው ይባላል። እኔም እዚህ ጅማ ይህን ቀልድ በቡና ሰዓት ስሰማው ኖሬአለሁ፤ አልፎ አልፎም አብሬ ስቄአለሁ።

በዚያ ሰሞን በክንድ ደም ቅዳዎች አካሄድ ላይ ጥናት ይዘን ነበር። መጽሐፉ እንደሚለው ዋናው የክንድ ደም ቅዳ ከክርን መታጠፊያ ዝቅ ብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው በአውራ ጣት በኩል፣ ሌላው በትንሿ ጣት በኩል ወደ መዳፍ ይወርዳል። የትንሿ ጣቱ ከጡንቻ ሥር ጠልቆ ነው የሚሄደው። የአብዛኛው ሰው ክንድ እንዲህ ነው። በጥቂቶች ላይ ግን ይኸው ቅርንጫፍ ከክርን በላይ፣ አንዳንዴም ብብት አጠገብ ተለይቶ በጡንቻዎቹ ላይ ይወርዳል፤ ከቆዳ በታች ወዲያው የሚገኝበትም ጊዜ አለ። በየአገሩ የታተሙ ጥናቶች መጠኑን ከ0.7 እስከ 9.4 በመቶ ያደርሱታል። አንዱ ጥናት ክንድ ይቆጥራል፣ ሌላው ጥናት ሰው ይቆጥራል። የአንድ ሰው ሁለት ክንዶች ሁለት ሰዎች አይደሉም ብዬ ከሬዚደንቶቹ ጋር ስጨቃጨቅ የዋልኩበት ቀን አለ፤ ዛሬም አቋሜ ያው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ተማሪዎች የአስከሬን ክንድ ቆዳ እየገፈፉ ሳለ ከስቡ መካከል ወፈር ያለ ሥር ብቅ አለ። ደም መልስ መስሏቸው ሊቆርጡት መቀስ አነሡ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ከወዲያ ጥግ ሆነው፣ «ተዉ! ተዉ እንጂ!» አሉ። መጥተው በአውራና በሌባ ጣታቸው መካከል አንከባለሉት። «ደም መልስ ሲጫኑት ይተኛል። ይህ መቼ ተኛ?» እውነትም ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ተጭነው ሲለቁት ክብ ሆኖ ይመለሳል። ሽቅብ ተከትለን ስንገፍፍ ከብብት ዝቅ ብሎ የተለየ ደም ቅዳ ሆኖ ተገኘ። ለክተን፣ ፎቶ አንሥተን፣ በቅጹ ላይ «ልዩ ልዩ» በሚለው ዓምድ አሰፈርነው።

ጥቂት ሳምንታት አልፈው ቀድሞ ያስተማርኩት ኢንተርን ከቀዶ ሕክምና ዋርድ ደወለልኝ። «መምህር፣ ይምጡና አንድ ክንድ ይዩልኝ» አለ፤ ድምፁ ልክ አልነበረም።

ከአጋሮ በኩል የመጡ፣ ቡና ለቃሚ የሆኑ እናት ለቀዶ ሕክምና እየተዘጋጁ ነው። ኢንተርኑ ካኑላ፣ ማለትም መድኃኒት የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ፣ ደም መልስ ውስጥ ሊያስገባ ክንዳቸው ላይ ላስቲኩን አስሯል፤ ከክርናቸው መታጠፊያ ዝቅ ብሎ አንድ ያማረ ሥር ታይቶታል፤ በአልኮል ጠርጎ መርፌውን ከፍቷል። አጠገቡ የነበሩት አንጋፋዋ ሲስተር፣ «ዶክተር፣ ላስቲኩን አንድ ጊዜ ይፍቱልኝ» አሉት። ፈታ። ሁለት ጣታቸውን አሳርፈው ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ይመታል» አሉ። እሱም ቀደም ሲል ዳስሶት ነበር፤ ግን የዳሰሰው ላስቲኩ ታስሮ ሳለ ነው። ጠብቆ የታሰረ ላስቲክ ደግሞ የደም ቅዳን ትርታ ያጠፋል።

ነገሩን ቀላል አድርጎ የሚያይ አይጠፋም። ደም ቅዳ ከተወጋ ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይፈናጠራል፣ ይታወቃል ይባላል። የደም ግፊቱ በወረደ በሽተኛ ላይ ግን አይፈናጠርም። በዚያው ካኑላ እንደ ቲዮፔንታል ያለ ማደንዘዣ ቢሰጥ መድኃኒቱ በደም ቅዳው ውስጥ ወደ ጥቃቅን ጠጣር ቅንጣቶች ይለወጣል፤ ወደ ጣቶች የሚሄዱትን ቀጫጭን ሥሮች ይዘጋል፤ ጣት እስከመቆረጥ ይደርሳል።

በአልትራሳውንድ አየነው፤ ያው እኛ «ልዩ ልዩ» ያልነው ሥር ነው። የግራ ክንዳቸው መጽሐፉ እንዳለው ነበር። ካኑላው በግራ እጅ ጀርባ ላይ ገባ። እናት በሽታ እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቁ፤ ሲስተር አፈጣጠራቸው መሆኑንና ማንም መርፌ ይዞ ሲመጣ ቀድመው እንዲያሳዩት አስረዷቸው። «ቡና ስሸከም ሲዘል አየዋለሁ» አሉ እናት፤ «የጠየቀኝ የለም እንጂ።» በካርዳቸው ሽፋን ላይ በቀይ ጻፍንበት።

ሲስተርን ወደ አስከሬን ክፍሉ ጋበዝኳቸው። ጓንት አድርገው ሥሩን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉት። አስከሬን ትርታ የለውም፤ ዋርዱ ደግሞ ሥሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ አያሳይም። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ይህን ካገኛችሁት ስንት ጊዜ ሆናችሁ? ለእኛ የነገረን ማን ነው?» አሉ። ቅጹን አሳየኋቸው። «ልዩ ልዩ» የሚለውን አንብበው ሳቁ፤ ጋሼም አብረው ሳቁ።

አሁን በጥናቱ ያገኘነው ነገር ሁሉ በግማሽ ገጽ ተጽፎ ለነርሶች ክፍል ይሄዳል። በመጀመሪያው ላይ ብዙ ተጨንቄበት ነበር። ሲስተር የላቲን ስሞቹን ሰርዘው፣ በኅዳጉ ላይ «የት እንደሚዳሰስ ይጻፍ» የሚል ጨምረውበት በማግሥቱ መለሱልኝ።